ሽመንደፈር፣ መልካ ጀብዱና የፍርስራሽ ጌሞች

‹ፎልአውት 4› የተባለውን የኮምፒዩተር ጌም የሚጫወት ሰው ቶሎ የሚለምደው ሥራ መሳቢያ መበርበር ነው። ዓለም በኒውክሌር ጦርነት ከጠፋች 210 ዓመት አልፏል። ተጫዋቹ በቦስተንና በአካባቢዋ እንደልቡ እየዞረ የፈረሰ ፋብሪካ ይገባል፣ የኃላፊውን ቢሮ ይፈትሻል፣ አሮጌ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ሲያገኝ ሲሳይ እንደወረደለት ይቆጥረዋል፤ ሲፈታታው ቪቴና ጥርስ ይወጣዋልና። የፋብሪካው ሠራተኛ አፅም ደግሞ እስካሁን ወንበሩ ላይ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ያን አፅም አንስቶ የቀበረ፣ ያን ቬንትሌተር ፈቶ የወሰደ አንድም ሰው አልመጣም ማለት ነው። ከዓለም ጥፋት በኋላ ያለውን ዘመን የሚያሳዩ ጌሞች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይመሳሰላሉ። ጥፋቱ ባንድ ቀን ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ዕቃው ባለቤት የለውም፣ ምድሩም ባዶ ነው። እኔ የምለው፣ የማሽን ዘመን እንዲህ አያልቅም ነው፤ ማስረጃዬም ድሬዳዋ ናት። ከ1902 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እስከ ዛሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ድሬ ላይ ኩባንያ ከስሯል፣ ድልድይ በፈንጂ ተሰብሯል፣ የባቡር መስመር ተቋርጧል። ባለቤት ያጣ ዕቃ ወይም ባዶ የነበረ መሬት ግን በታሪኳ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ጌሞቹ ያን ሥዕል ከምንም አላመጡትም። ‹ዌስትላንድ› በ1988 ሲወጣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ገና ሚሳይል ተደጋግነው ነበር። ያንኑ የሠራው ኢንተርፕሌይ በ1997 ‹ፎልአውት›ን ሠራ፤ በ2008 ደግሞ ቤቴስዳ የተባለው ኩባንያ ሦስተኛውን ክፍል ፍርስራሽ በሆነች ዋሽንግተን ላይ አድርጎ በዓለም አስወደደው። ከሁሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበው በ2007 ኪየቭ ውስጥ የተሠራው ‹ስቶከር› ነው። መነሻው የቼርኖቢል አካባቢ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ስፍራው ድረስ ሄደው ያዩትን ቀርጸው ካርታቸው ላይ አስገብተዋል። እዚያ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪዎች ሚያዝያ 1986 ላይ፣ የኒውክሌር ጣቢያው አደጋ በደረሰ ማግስት፣ በአውቶቡስ ተጭነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ወጥተዋል። እንግዲህ ባንድ ቀን ባዶ የቀረ ከተማ በእውነትም ነበር። ነገር ግን ፕሪፕያት ከመደበኛው የወጣ ነገር ነው። ጌሞቹ ይህን ልዩ ነገር የሁሉ ፋብሪካና የሁሉ ጣቢያ ዕጣ አድርገው ማሳየታቸው ላይ ነው ክርክሬ።

ድሬዳዋ የተወለደችው ካልተሳካ ዕቅድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ መጀመሪያ የሚገባው ሐረር ነበር። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ያን አቀበት በሐዲድ መውጣት ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነና መስመሩ በ1902 ማብቂያ ላይ ሜዳው ላይ ቆመ። ስፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ራሱ ከሰረ። በ1908 ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚህ መሐል ድሬዳዋ መዳረሻው ያልታወቀ መስመር ጫፍ ሆና ዓመታት አሳለፈች። የጌም ደራሲ ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ የዛገ ሐዲድና አሸዋ ያስቀምጥ ነበር። በተግባር የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ባቡሩ ከዚህ ወዲያ ስለማይሄድ ዕቃው እዚህ ይራገፋል፣ እዚህ ይቀረጣል፣ እዚህ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ኩባንያው መንገዱን በመስመር አስቀይሶ ከዚራን ሠራ፣ ከወንዙ ወዲያ መጋላ በገበያዋ ዙሪያ እንዳሻት ሰፋች፤ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም ሱቅ ከፈተ። ከተማዋን የሠራት የመስመሩ መቋረጥ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሜዳውም ቢሆን ባዶ አልነበረም። ኢሳና ጉርጉራ፣ ኖሌ ኦሮሞም ከብታቸውን የሚያሰማሩበት አገር ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ የኢሳ ሰዎች በሠራተኞቹ ላይ ያደረሱት ጥቃት፣ ለመሐንዲሱ ካርታ ባዶ የመሰለው ስፍራ ባለቤት እንደነበረው ይመሰክራል።

ጌም ተጫዋቾች የሚኮሩበት አንድ ችሎታ አላቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው ከዕቃው አቀማመጥ ታሪኩን ያነብባሉ። ይህን ዓይን ይዘን ወደ ድሬዳዋ ለገሃር እንሂድ። የጣቢያው ግንባር ላይ የጅቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚለው ስም በፈረንሳይኛም በአማርኛም ይነበባል። ስሙ የመጀመሪያው ኩባንያ አይደለም፣ የሁለተኛውም አይደለም። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ ሁለቱ መንግሥታት በ1981 በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ስም ነው። ሕንፃው ፈረንሳዮች ለጀመሩት መስመር የተሠራ ነው፤ ጽሑፉ የሌላ ዘመን። ከጣቢያው ጀርባ ያለው የጥገና ክፍል ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ድሬዳዋ የመስመሩ ሁሉ ጋራዥ ነበረች፤ ቶርኖው፣ ማቅለጫው፣ አናጢው፣ ብየዳው አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። የባቡሩ ዕድሜ እየገፋ መለዋወጫ ከውጭ መምጣቱ ሲያዳግት፣ የጎደለውን ዕቃ ድሬዎች እዚያው አስመስለው ቀርጸው ይተኩ ነበር። ከፈረንሳዩ መሐንዲስ ወደ ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ፣ ከአባት ወደ ልጅ ያለፈው ሙያ በፈረንሳይኛ ቃላት የታጨቀ ሆኖ ቀረ፤ ባቡሩን ‹ሽመንደፈር› እያለ የሚጠራው የድሬ ሰው ለቋንቋው ሳይጨነቅ የራሱ አድርጎታል። በጌሙ መሳቢያ ውስጥ ያለችው ቪቴ ያለ ሠሪ የተገኘች ናት። በቶርኖው ላይ ያለችውን ግን የሠራት ሰው ስሙ ይታወቃል፣ ልጁም ሰፈር ውስጥ አለ።

ታዲያ ባቡሩ ለምን ቆመ? ፈንጂ አላቆመውም። በ1977 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር፣ የመስመሩ ድልድዮች ፈንድተዋል፣ አገልግሎቱም ተቋርጧል። ጦርነቱ ሲያልፍ ድልድዩ ተጠገነና ባቡሩ ዳግም ጮኸ። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ባንድ ቀን ሲያልቅም መስመሩ አልተዘጋም። የገደለው ሌላ ነው። ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ጭነቱን የወሰደው ከባድ መኪና ነው፤ ባቡሩ ጭነት ሲያጣ ገቢ አጣ፣ ገቢ ሲያጣ ጥገና አጣ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረውም እድሳት ከዳር አልደረሰም። በ2008 ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ቀረ። ከድሬ ወደ ጅቡቲ ያለው ግን እየቆመ እየተነሳ ጥቂት ዓመት ተንገዳገደ። እንዲህ ያለው ሞት ለጌም አይመችም፣ ምክንያቱም የሚፈነዳ ነገር የለውም። የሒሳብ መዝገብ፣ የዘገየ ውሳኔና ያልተቀባ ዘይት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ሰው ውሎውን ለመርሳት የከፈተውን ጌም በታሪክ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም የሚል ነው። ጌሙ ስለ ጭራቅና ስለ ጨረር ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ግን እነዚህ ጌሞች ተጫዋቹን በመቶ ለሚቆጠር ሰዓት በፋብሪካ፣ በጣቢያና በሱቅ ውስጥ እያዞሩ የሰው ልጅ ሥልጣኔ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ያስተምሩታል፤ ያን ያህል ሰዓት በታሪክ መጽሐፍ ላይ የሚያጠፋ ወጣት ስንት ነው? ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ድሬዳዋ መንግሥትም፣ ገበያም፣ ጎረቤት አገርም ስለነበራት ተጠገነች፤ በጌሙ ዓለም ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ስለዚህ አይነጻጸሩም ይባላል። ነጥቡን እቀበላለሁ፣ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። መንግሥት ሲወድቅ ዕቃው ምን እንደሚሆን ከእኛው ታሪክ ምሳሌ አለ። በምኒልክ ዘመን በድሬዳዋና በሐረር ገበያ ዋናው ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ሞታለች፣ መንግሥቷም በ1918 ፈርሷል፤ ብሩ ግን 1780 የሚል ዘመን እንደተቀረጸበት በኢትዮጵያ ገበያ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ይሠራ ነበር። ‹ፎልአውት› ውስጥ በለስላሳ ቆርኪ መገበያየት እንደ ቀልድ ይታያል፤ በአሞሌ ጨው ለተገበያየ አገር ግን ቀልዱ ብዙም አያስቅም። የሚለየው ብሩን ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይ፣ ቅርጹን የሚመርጥ ሰው ሁልጊዜ መኖሩ ነው። የዕቃ መበታተንም እንደዚሁ ነው። ቁራሌው ከየደጁ የሰበሰበው ቆርቆሮና በርሜል መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያና መጥበሻ ሆኖ ይወጣል። ‹ፎልአውት 4› ውስጥ በአንድ ቁልፍ ተጭነው የሚጨርሱት ሥራ እዚያ ሰብሳቢ፣ መዛኝ፣ ቀጥቃጭ፣ ሻጭና ተከራካሪ ያለው ሙሉ ተራ ነው። በዚህ አገር ቬንትሌተር 210 ዓመት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ 210 ቀን ከቆየም ይገርመኛል።

ለፍርድ ሚዛናዊነት ያህል፣ ይህን የተረዳ ጌም የለም ማለት አይቻልም። ኦብሲዲያን የተባለው ኩባንያ ሠርቶት በ2010 የወጣው ‹ፎልአውት፡ ኒው ቬጋስ› ዋናው ጠብ ያለው በሁቨር ግድብ ላይ ነው። ግድቡ ዛሬም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሁሉም ወገን የሚዋጋው ፍርስራሽ ለመበርበር ሳይሆን የሚሠራን ማሽን ለመያዝና ለማሠራት ነው። ብዙ ተጫዋች ከተከታታዮቹ ሁሉ ይህኛውን የሚያስበልጠው፣ በእኔ ግምት፣ በዚህም ምክንያት ነው። ተጫዋቹ ከዕቃ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዕቃው ባለቤቶች ጋር መደራደር አለበት። ከድሬዳዋ ታሪክ ጋር የሚገጥመውም ይህ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያቆሙት የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1941 እነሱ ሲባረሩ አብሮ አልጠፋም። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ የዛሬው ናሽናል ሲሚንቶ መነሻ ሆኗል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም የከተማዋን ሰፈርና የስፖርት ክለብ ሳይቀር በስሙ አስጠርቷል።

ከዚህ ተነስቶ ነው መልካ ጀብዱ ላይ ያለውን ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማየት የሚገባው። በቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ የተገነባው ፓርክ ሼዶቹ ተደርድረው ከሩቅ ሲታዩ ከባዶ ሜዳ የበቀለ ይመስላል፤ በ2022 የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚያ ሥራ ሲጀምርም ብዙ የተነገረው ስለ አዲስ ምዕራፍ ነበር። አዲስነቱን ለመካድ አይደለም። ሼዱም አዲስ ነው፣ ኤሌክትሪኩም አዲስ ነው፣ በ2016 የተመረቀው 752 ኪሎ ሜትር መስመርም ከአሮጌው ጠባብ መስመር ጋር የሚጋራው ሐዲድ የለም። ቦታውን የመረጠው ግን ማን ነው? ፓርኩ እዚህ የተቀመጠው ባቡሩ እዚህ ስለሚያልፍ ነው፤ ባቡሩ እዚህ የሚያልፈው ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚወስደው ቆላማ መንገድ ይህ ስለሆነና ከተማዋም እዚህ ስላለች ነው፤ ከተማዋ እዚህ ያለችው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ኩባንያ የሐረርን አቀበት መውጣት ስላልቻለ ነው። የዛሬው ባለሀብት ሼድ ሲከራይ ሳያውቀው የዚያን ኪሳራ ውርስ ይከራያል። መልካ ጀብዱም ፓርኩ ሳይመጣ የገበሬና የከብት አርቢ ስፍራ ነበረች፤ መንደሯን ባዶ የሚያደርጋት ፕላኑ ብቻ ነው።

የፓርኩ ተከራካሪዎች ያለፈውን እያነሱ መቆዘም ሥራ አይፈጥርም ሊሉ ይችላሉ። ግን ያለፈው እዚህ የሚያገለግለው ለትዝታ ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው። በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ፣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች በአንድ ውሳኔ ገዢ ማጣት ምን እንደሆነ አይተዋል፤ ያም ፈንጂ አልነበረም፣ ወረቀት ነው። አዲሱን ባቡር መጀመሪያ ያሠሩት የቻይና ኩባንያዎችም በ2024 ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች አስረክበዋል፤ በ1981 እንደሆነው ማለት ነው። የያኔዎቹ ተረካቢዎች የጎደለውን መለዋወጫ በገዛ ቶርኗቸው እየቀረጹ አሮጌውን መስመር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አስኬዱት፣ ያቃታቸውም ሙያ አንሷቸው ሳይሆን ለጥገና የሚመደብ ገንዘብ አጥተው ነው። ለአሁኖቹ ተረካቢዎች ስንት በጀት እንደሚያዝ፣ የድሬ ባለሙያዎችም ከኤሌክትሪኩ ባቡር መለዋወጫ የትኛውን እዚሁ እንዲሠሩ እንደሚፈቀድላቸው ከሼዶቹ ብዛት ይልቅ የፓርኩን ዕድሜ ይወስናል።