የትንሿ ባቡር እጀታዎች

ከጉልበት ከፍ በማትል ባቡር ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ በሐዲድ ሲሄድ ብታይ፣ የልጅ ጨዋታ ነው ብለህ ማለፍህ አይቀርም። ነገር ግን በእንደዚህች ያለች ባቡር ምክንያት በእንግሊዝ አገር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ የተደረገው በ1924 ዓ.ም. ለንደን ላይ ነው። አንዳንድ የታወቁ ሠሪዎች፣ ባቡር እጅግ ሲያንስ እንደ ትልቁ በከሰል ሊሠራ አይችልም፤ ውሃውን በአልኮል እሳት ማፍላት ይበቃል ይሉ ነበር። ቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ኤል ቢ ኤስ ሲ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ግን «አየሻ» ብሎ የሰየማትን፣ የሐዲዷ ስፋት ሁለት ኢንች ተኩል ብቻ የሆነችውን ባቡር በድንጋይ ከሰል አንድዶ ሰው እንድትጎትት አደረገ። ይህ ከሆነ ወዲህ መልክን መምሰል ብቻ ብዙዎቹን አላረካቸውም፤ ነጂው የሚይዛቸውም እጀታዎች የትልቁን ሥራ እንዲሠሩ ፈለጉ።

ከእነዚህም ዋናው የመመለሻው እጀታ ነው። አሠራሩን በ1842 ዓ.ም. ያሰቡት በስቲቨንሰን ፋብሪካ ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ስሙ ግን ለጌታው ቀረ፤ እንዲህ ያለው ነገር በየአገሩ ይደርሳል። እጀታው ባቡሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከመምራት በላይ፣ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ወደ መካከል ሲሳብ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው እንፋሎት ቀደም ብሎ እንዲቋረጥና በመስፋፋቱ ኃይል እንዲገፋ ያደርጋል። በዚህም ከሰልና ውሃ ይቆጠባል።

ሁሉም ነገር ግን አብሮ አያንስም። ቁመቱም ወርዱም በ12 እጅ ቢቀነስ፣ ጋኑ የሚይዘው ውሃ በ1728 እጅ ይቀንሳል፤ በቀጭኑም የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ውሃው ተጣብቆ ስለሚቀር ከእውነተኛው ልክ በላይ መስሎ ይታያል። የነጂው ጣትም አያንስም። ስለዚህ እጀታው ከልኩ ገዘፍ ቢል አልነቅፍም።

ዛሬ ብዙዎች በባትሪ የሚሄድ፣ የናፍታ ባቡር መልክ ያለው ይሠራሉ። በአሜሪካ ናፍታ ባቡሮች የኃይሉ እጀታ ስምንት ደረጃ ስላለው፣ ሠሪው በየደረጃው ቀጭ የሚል ማብሪያ ያበጃል። ትልቁ ባቡር በክብደቱ ብዛት ቀስ ብሎ ስለሚነሣም፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያው ኃይሉን ቀስ በቀስ እንዲሰጥ ይደረጋል።

ፍሬኑ ግን ሌላ ነው። በ1889 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ በአርማ አጠገብ ብዙ ሕፃናት የጫነ ባቡር ዳገት ላይ ቆመ። ሁለት ሲከፍሉት፣ ፍሬኑ በራሱ የሚይዝ ስላልነበረ የኋለኛው ክፍል ቁልቁል ተንደርድሮ ከሌላ ባቡር ጋር ተጋጨ፤ 80 ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ በመንገደኛ ባቡር ሁሉ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲገባ ደነገገ።

ትንሿም ባቡር የሰው ልጅ ትጭናለች። ስለዚህ ለማስመሰል የተደረገው መዘግየት ፍሬኑን መንካት የለበትም። እኔ ብሠራ ኖሮ፣ የነጂው እጅ እንደ ለቀቀው ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን ማብሪያ አስቀድሜ አስገባ ነበር፤ ጡሩምባው ይቆየኝ።