የገዢ ቋንቋ በፊሊፒን ደሴቶች

በደቡብ ምሥራቅ እስያ፥ ከደቡብ ቻይና ባሕር ማዶ፥ ከ7,000 የሚበልጡ ደሴቶችን የያዘው የፊሊፒን አገር ይገኛል። ስሙን ያወጡለት የአገሩ ሰዎች አይደሉም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የመጡ የእስፓኝ መርከበኞች፥ በኋላ ዳግማዊ ፊልጶስ ተብሎ ለነገሠው አልጋ ወራሻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የሰጡት ነው። ይህ ሕዝብ በመጀመሪያ በእስፓኝ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ እጅ ተገዝቷል። ሁለቱ ገዢዎች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የሚለያዩት በቋንቋ ነገር ነው። እስፓኝ ቋንቋዋን ከሕዝቡ በመንፈግ ገዛች፤ አሜሪካ ደግሞ ቋንቋዋን አትረፍርፋ በመስጠት ገዛች። ከሁለቱም መንገድ የተገኘው ውጤት ለአስተማሪውም፥ ለባለ ሥልጣኑም፥ ለተማሪውም ሊመረመር የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እስፓኞች ከመድረሳቸው አስቀድሞ ሕዝቡ ባራንጋይ በሚባሉ ትናንሽ መንደሮች፥ ዳቱ በሚባሉ አለቆች ሥር ይኖር ነበር። በሉዞን ደሴትና በአካባቢው ባይባይን የሚባል የራሱ ፊደል ነበረው፤ በደቡብ በኩል ደግሞ የእስላም ሱልጣኖች ይገዙ ነበር። በ1521 ማጄላን ከመርከቦቹ ጋር ደርሶ፥ በማክታን ደሴት ላይ ላፑላፑ ከሚባለው አለቃ ሰዎች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ከ44 ዓመት በኋላ ግን ሌጋስፒ የሚባለው የጦር አለቃ በሴቡ ሰፈረ፤ በ1571ም ማኒላን ዋና ከተማ አደረጋት።

እስፓኝ ይህን ሰፊ አገር የያዘችው በብዙ ሠራዊት አልነበረም። ከማኒላ ርቀው በሚገኙት መንደሮች ብዙውን ጊዜ የሚታየው እስፓኛዊ የደብሩ መነኩሴ ብቻ ነበር። መነኮሳቱም ሕዝቡን የራሳቸውን ቋንቋ ከማስተማር ይልቅ፥ እነርሱ ታጋሎግንና ሌሎቹን የአገሩን ቋንቋዎች ተማሩ። በ1593 በማኒላ የታተመው የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ በእስፓኝ ቋንቋና በታጋሎግ የተዘጋጀ ሲሆን፥ ታጋሎጉ በላቲንም በባይባይንም ፊደል ተጽፎ ነበር። መነኮሳቱ ያዘጋጁት ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ለአገሩ ቋንቋዎች ታላቅ ቅርስ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ምስጋና ሊነፈጋቸው አይገባም።

ነገር ግን ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። የገበሬው አቤቱታ ወደ አገረ ገዢው ሲወጣ፥ የአገረ ገዢውም ትእዛዝ ወደ ገበሬው ሲወርድ፥ በመካከል ቆሞ ቃሉን የሚያስተላልፈው መነኩሴው ነበር። የመነኮሳቱ ማኅበራት ደግሞ በማኒላ ዙሪያ ሰፋፊ ርስት ይዘው ከጭሰኛ ኪራይ የሚሰበስቡ ባለመሬቶች ነበሩ። እንግዲህ በመሬት የተበደለ ጭሰኛ፥ ተከሳሹና አስተርጓሚው አንድ ወገን ሆነው ያገኛቸው ነበር ማለት ነው።

በ1863 የእስፓኝ መንግሥት በየከተማው ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲቆም፥ የእስፓኝም ቋንቋ እንዲሰጥ አዋጅ አወጣ፤ በብዙ ስፍራ ግን አዋጁ ከወረቀት አላለፈም። ቋንቋውን በሚገባ ያወቁት ሀብት ያላቸው ጥቂት ቤተ ሰቦች ልጆች ናቸው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈትና የአውሮፓ መንገድ ሲያጥር፥ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ማድሪድና ወደ ሌሎች ከተሞች ለትምህርት ሄዱ። በ1872 ጎሜዝ፥ ቡርጎስና ዛሞራ የሚባሉ ሦስት የአገሩ ካህናት በካቪቴ የተነሣውን የወታደሮች ዐመፅ አነሣሥታችኋል ተብለው መገደላቸው የዚህን ትውልድ ልብ እጅግ አቍስሎት ነበር።

ከእነዚህ ምሁራን እጅግ የታወቀው ሐኪሙ ሆሴ ሪዛል ነው። በ1861 በካላምባ ተወለደ፤ ቤተ ሰቡ ከዶሚኒካን መነኮሳት ርስት መሬት የተከራየ ነበር። በ1887 በበርሊን «ኖሊ ሜ ታንጌሬ»፥ በ1891 በጌንት «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» የተባሉትን ልብ ወለድ መጻሕፍት አሳተመ። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ የማኒላ ተማሪዎች የእስፓኝን ቋንቋ የሚማሩበት ተቋም እንዲፈቀድላቸው መንግሥትን ይለምናሉ። ሲሙን የተባለው ሰው ግን ይህ ልመና ከንቱ መሆኑን፥ የባዕድ ቋንቋም የሕዝቡን የራሱን አስተሳሰብ የሚያጠፋ መሆኑን ተናግሮ ይወቅሳቸዋል። ሪዛል ይህን ክርክር የጻፈው በዚያው በእስፓኝ ቋንቋ ነው። ገዢዎቹ አንብበው ተቈጡ፤ መጽሐፉ ስለ እርሱ የተጻፈለት ገበሬ ግን ሊያነበው አልቻለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከረው በማኒላ በንግድ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው አንድሬስ ቦኒፋሲዮ ነው። በ1892 ሪዛል በግዞት ሲላክ ካቲፑናን የተባለውን የምስጢር ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ማኅበሩ ሥራውን የሚያካሂደው በታጋሎግ ነበር፤ ስሙ «ነጻነት» ማለት የሆነው ካላያን የተባለው ጋዜጣውም በዚሁ ቋንቋ ታተመ። ዐመፁ በ1896 ተነሣ፤ ሪዛልም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በጥይት ተደብድቦ ሞተ። ቦኒፋሲዮን ደግሞ በ1897 የገዛ ወገኖቹ በአመራር ተጣልተው ገደሉት።

በ1898 ኤሚሊዮ አጊናልዶ የአገሩን ነጻነት ዐወጀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን እስፓኝ በፓሪስ ውል ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አሳልፋ ሰጠች፤ ከሕዝቡ ወገን የተጠየቀ አልነበረም። በ1899 የተጀመረው ጦርነት በ1902 አብቅቷል ቢባልም በአንዳንድ ስፍራ ከዚያ በኋላም ቀጠለ። በጦርነቱ፥ በረኃብና በበሽታ የሞቱት ሰላማውያን ሰዎች በትንሹ 200,000 ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል።

መድፉ ገና ሳይበርድ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። በ1901 የወጣው ሕግ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን አቁሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ፤ በዚያው ዓመት ቶማስ የተባለችው መርከብ 500 ያህል አሜሪካውያን አስተማሪዎችን ይዛ ማኒላ ደረሰች። ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ሩቅ መንደሮች ሄደው በቅንነት ሠርተዋል። ድኻው ልጅ ያለ ክፍያ ከመማሪያ ክፍል ገባ፤ በ1908ም የፊሊፒን ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ይህን በጎ ሥራ መካድ የታሪክን ፍርድ ማጣመም ነው።

ዳሩ ግን ልጁ ንባብን የሚጀምረው በቤቱ ሰምቶት በማያውቀው ቋንቋ ነበር። በ1925 በአሜሪካዊው ጳውል ሞንሮ መሪነት የተካሄደው የትምህርት ምርመራ፥ አብዛኞቹ ልጆች ከ4ኛ ክፍል ሳያልፉ ትምህርታቸውን እንደሚተዉና የባዕድ ቋንቋ ከባድ እንቅፋት እንደ ሆነባቸው አሳየ። ትምህርቱን የፈጸመው ደግሞ በመንግሥት ቢሮና በፍርድ ቤት ሥልጣን አገኘ። ሬናቶ ኮንስታንቲኖ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1959 ጽፎ በ1966 ባወጣው ጽሑፍ፥ ይህ ትምህርት ወጣቱ የራሱን አገር በገዢው ዓይን እንዲያይ አድርጎታል ሲል ከሰሰ።

በ1937 ፕሬዚዳንት ማኑኤል ኬሶን ታጋሎግ የብሔራዊው ቋንቋ መሠረት እንዲሆን ዐወጁ። አገሩ በ1946 ነጻነቱን ካገኘ በኋላም ክርክሩ አላቆመም፤ ከ170 የሚበልጡ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር፥ ሴቡአኖ ተናጋሪው የማኒላን ቋንቋ ስለ ምን እቀበላለሁ ብሎ ይጠይቃልና። የ1987 ሕገ መንግሥት ፊሊፒኖን ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ፥ ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አደረገው። በ2013 የወጣው ሕግ ትንንሽ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አዘዘ፤ በ2024 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ይህን ግዴታ አነሣ። ወላጆችም ለእንግሊዝኛ ያላቸው ፍላጎት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በባሕር ማዶ ሠርተው ቤተ ሰብ የሚረዱት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ፊሊፒናውያን ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነው።

የሪዛል መጻሕፍት በ1956 በወጣ ሕግ ለተማሪዎች ግዴታ ሆነው ይሰጣሉ፤ ይሁን እንጂ ተማሪው የሚያነባቸው በአብዛኛው በትርጉም ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችም ዛሬ በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ በመሬት የተካሰሰ ገበሬ የተፈረደበትን ነገር ለማወቅ እንደ አያቶቹ አስተርጓሚ ሊያስፈልገው ይችላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ፊሊፒናውያን ግን የሰውን ወርቅ ወስደው ብዙ ጊዜ ለራሳቸው አገልግሎት አውለውታል፤ ሪዛል በእስፓኝ ቋንቋ፥ ኮንስታንቲኖም በእንግሊዝኛ የገዢውን ሥራ ገልጠዋል። የቀረው ሥራ የተማረው ሰው ያወቀውን ይዞ ወደ ገበሬው መመለስ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለአገሩ መጥቀሙ የሚታወቀው፥ ከእርሱ የወጣው ልጅ ወደ መንደሩ ሲመለስ ስለ መሬቱና ስለ ሕጉ ከእናቱ ጋር ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር ሲችል ነው።