ከመፋቂያ እስከ ዕፀዋት ጄል፤ የድድ ሕክምና ታሪካዊ ጉዞ

በከላላ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢያቸው በሚገኙ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች የጥርስ ቡርሽና ሳሙና ከመግባታቸው በፊት የአፍ ንጽሕና የሚጠበቀው በመፋቂያ ነበር፡፡ ዛሬም ቢሆን ልማዱ አልጠፋም፡፡ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ ለመፋቂያነት ከሚመረጡት ዕፀዋት መካከል ናቸው፡፡ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ከስግደት በፊት አፍን በመፋቂያ ማጽዳትን እንደ ተወደደ ሃይማኖታዊ ተግባር ስለሚቆጥረው፣ ልማዱ ከጤና አልፎ ከእምነትም ጋር ተሳስሮ ኖሯል፡፡

ድድና ጥርስ ሲታመሙ ደግሞ ሕዝቡ መድኃኒት የሚፈልገው ከጓሮውና ከገበያው ነው፡፡ ቅርንፉድ በታመመ ጥርስ ላይ ይነከሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይደረግበታል፡፡ በሰሜን ኢትዮጵያ ድድን መነቀስ ለሴቶች ጌጥ ከመሆኑም በላይ የሚደማን ድድ ያድናል ተብሎ ይታመንበት ነበር፡፡ ከእነዚህ ልማዶች መካከል የኋላው ሳይንስ ያጸደቀው አለ፤ ያልተቀበለውም አለ፡፡ ከቅርንፉድ የሚገኘው ዩጀኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ በጥርስ ሐኪሞች እጅ ለረዥም ዘመን አገልግሏል፡፡ ንቅሳቱ ግን የድዱን መቅላት በመሸፈን የበሽታውን ምልክት ከሐኪም ዓይን ይሰውራል፤ በጋራ መርፌ ሲፈጸምም ለጉበት ቫይረስና ለኤች.አይ.ቪ. ያጋልጣል፡፡

የድድ ቁጣት መንስኤ በማያሻማ ሁኔታ የታወቀው ዘግይቶ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በዴንማርክ፣ በኦርሁስ ከተማ፣ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች የጥርስ ጽዳት እንዲያቋርጡ አደረጉ፡፡ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ጽዳቱ ሲቀጥል ግን ተመልሶ ዳነ፡፡ በዚህም በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጋገረው የባክቴሪያ ሽፋን መንስኤ መሆኑ ተረጋገጠ፡፡ በ1970 ሎና ሺዮት ክሎርሄክሲዲን ይህን ሽፋን እንደሚገታ አሳዩ፡፡ ይሁንና መድኃኒቱ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ጥርስን ያጠይማል፤ ጣዕምንም ያዛባል፡፡ ተመራማሪዎች እንደገና ወደ ዕፀዋት እንዲመለከቱ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፡፡

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1978 ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ያካሄደውን ጥናት ሲያሳትም፣ መፋቂያ የጥርስ ቆሻሻን በማስወገድ ረገድ ከቡርሽ እንደማያንስ አመለከተ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ ልማዱ ባለባቸው አገሮች መፋቂያ እንዲበረታታ መክሯል፡፡ በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የሚሰበሰበው ከርቤ ደግሞ በአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ዘንድ ለቀላል የአፍና የድድ ቁጣት በባህላዊ መድኃኒትነት ዕውቅና አግኝቷል፡፡

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ከእሬት፣ ከእርድና ከሌሎች ዕፀዋት የተዘጋጁ ጄሎች ተሞክረዋል፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ በሽታው ሲጸና ድድ ከጥርስ ተለያይቶ ኪስ ይፈጠራል፡፡ አፍ የሚጉመጠመጡበት ፈሳሽ ወደ ኪሱ ጥልቀት አይደርስም፤ ዝልግልጉ ጄል ግን ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ወደ ውስጥ ገብቶ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፡፡ በአብዛኛው በህንድ የተካሄዱት ጥናቶች፣ ጄሉ በተለምዶ የጥርስ እጥበት በሚባለው ጽዳት ላይ ሲጨመር የድዱ መድማትና የኪሱ ጥልቀት በመጠኑ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ፡፡ ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ፣ የክትትሉም ጊዜ አጭር ነው፡፡ ስለዚህ ጄሉ ረዳት እንጂ ተተኪ አይደለም፤ በጥርስ ላይ የደደረውን ድንጋይ የሚያነሳው መሣሪያ ነው፡፡

ይህ ልዩነት በገጠር ጤና ጣቢያ ትልቅ ዋጋ አለው፡፡ እሬት ለድድ ይጠቅማል ሲባል የሰማ ሕመምተኛ ቅጠሉን ቆርጦ ሊቀባ ይችላል፡፡ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ፣ እናቶች ልጅን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት፣ ሆድን የሚያስቀምጥ ነው፤ ጄል የሚዘጋጀው ግን ከውስጠኛው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ነው፡፡ በኢትዮጵያ የሚበቅሉት የእሬት ዝርያዎችም በርካታ ስለሆኑ በአንዱ የተገኘው ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም፡፡

ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው፡፡ በምግብ እጥረት በተጎዳና በቅርቡ ኩፍኝ በያዘው ሕፃን ላይ የሚታይ የቆሰለና የሚሸት ድድ የኖማ መነሻ ሊሆን ይችላል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ይህ ደዌ በቀናት ውስጥ ፊትን ይበላል፡፡ በመነሻው ከተደረሰበት ግን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በአፍ ጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ሊገታ ይችላል፡፡

እንግዲህ ድዱ የሚደማ ሰው ሲመጣ የጤና ባለሙያው ‹‹ምን አድርገውበት ነበር?›› ብሎ ያለ ንቀት መጠየቅ፣ ከንፈርን ገልጦ ማየት፣ ጥርስ የተነቃነቀበትን ወይም መግል የያዘውን ወደ ጥርስ ሕክምና መላክ ይኖርበታል፡፡ መፋቂያውን መጣል አያስፈልግም፤ ጫፉን አለስልሶ ድድን ሳያቆስሉ እስከ ጥርሱ ሥር ድረስ መፋቅን ማስተማር ይበቃል፡፡ ጄሉም ተራው ከጽዳቱ በኋላ ነው፡፡