«ስቀሏቸው» ያለው ጋዜጣ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ወደ ኡጋንዳ ርዕሰ ከተማ ወደ ካምፓላ ይወስደናል። ቀኖቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

መስከረም 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ሮሊንግ ስቶን የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንድ እትም ለገበያ ቀረበ። በስም ከሚመሳሰለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ጋር ዝምድና የለውም። መታተም ከጀመረ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው። ዋና አዘጋጁ ጃይልስ ሙሃሜ የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ የሚታተመውም ጥቂት ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር። የፊት ገጹ ወሬ ግን ከኡጋንዳ አልፎ ዓለምን አዳረሰ። የመቶ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ፎቶግራፍ አፈትልኮ ወጣ ይላል ርዕሱ። አጠገቡ በደማቅ ቢጫ መደብ ላይ አንዲት ትእዛዝ ሰፍራለች፤ «ስቀሏቸው» የምትል። ሰዎቹ አንድ ሚሊዮን ሕፃናትን ሊመለምሉ አስበዋል የሚል፣ ማስረጃ የሌለው ክስም ታክሎበታል። ገለጥ ሲደረግ የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ፣ የአንዳንዶቹም የመኖሪያ ሰፈር ተዘርዝሯል።

እስቲ ራሳችሁን በዚያች ገጽ ላይ ፎቶው በወጣ ሰው ቦታ አስቀምጡት። ጋዜጣውን አከራይ ያየዋል፣ አሠሪ ያየዋል፣ የጎረቤት ልጅ ያየዋል። በቀጣዮቹ ቀናት ቢያንስ አራት ሰዎች ጥቃት እንደደረሰባቸው የመብት ተሟጋቾቹ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። ቤቷ በድንጋይ የተደበደበባት ሴት ነበረች። ከሥራ የቀሩም፣ ሰፈር ለቀው የተደበቁም ነበሩ።

የአገሪቱ የመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት ጋዜጣው እንዲቆም አዘዘ። ምክንያቱ ግን «ስቀሏቸው» ማለቱ አልነበረም፤ ተገቢውን ምዝገባ አለመፈጸሙ ነው። እናም ጋዜጣው ብዙም ሳይቆይ በሌላ እትም፣ በሌሎች ስሞች ተመለሰ።

ነገሩ አዲስም አልነበረም። ሬድ ፔፐር የተባለው ሌላ የካምፓላ ጋዜጣ በ1998 ዓ.ም. ማብቂያ የ45 ወንዶችን ስም አውጥቶ ነበር። ያኔ ማንም አልጠየቀውም። በ2003 ግን ሦስት ሰዎች ፍርድ ቤት ለመሄድ ቆረጡ፤ ካሻ ዣክሊን ናባጌሴራ፣ ፔፔ ጁሊያን ኦንዚየማና ዴቪድ ካቶ። ካቶ መምህር ነበር። ጥቂት ዓመታት በደቡብ አፍሪካ ኖሮ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ በኋላም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን መብት የሚሟገት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የሆነ ሰው ነው። በዚያ የፊት ገጽ ላይ ፎቶው ወጥቷል።

ሦስቱ አመልካቾች ባዶ ሜዳ ላይ አልቆሙም። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. የቀበሌ ሹም የአንድ ተሟጋች ቤት ሰብሮ ገብቶ ሰነድ ወስዶ፣ በቤቱ የነበረችውን እንግዳ ይዞ አዋርዷት ነበር። ሁለቱ መንግሥትን ከሰሱ፤ ታኅሣሥ 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ዳኛ ስቴላ አራች አሞኮ ፈረዱላቸው። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 መብቴ ተጥሷል ወይም አደጋ ላይ ወድቋል የሚል ማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ማንኛውም ሰው።

ጥቅምት 22 ቀን 2003 የካምፓላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋዜጣው ስምና ፎቶ ማውጣቱን እንዲያቆም ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። ቁርጥ ውሳኔው በታኅሣሥ 21 ተጻፈ። ዳኛው ቪንሰንት ሙሶኬ ኪቡካ ናቸው። በዚህ ውሳኔ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ እምነት ጋዜጠኛ የሆነ ሁሉ ሊያነበው ይገባል።

ጋዜጣው የተከራከረው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ለመቅጣት በሚጠቀሰው በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 145 ነው። እነዚህ ሰዎች ወንጀለኞች ናቸው፤ ወንጀለኛን ማጋለጥ ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ነው አለ። ዳኛው ይህን አልተቀበሉም። ሕጉ የሚቀጣው የተፈጸመ ድርጊትን ነው፤ ሰው እንዲህ ነኝ ስላለ ወይም እንዲህ ነው ስለተባለ ብቻ በሕግ ፊት ወንጀለኛ አይሆንም አሉ። ከዚያም የክርክሩን መሠረት አስተካከሉት፦ ፍርድ ቤቱ የቀረበለት ጥያቄ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ትክክልነት ወይም ስህተትነት አይደለም። ጥያቄው ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች መሠረታዊ መብት ጥሷል ወይስ አልጣሰም ነው።

መልሱ ጥሷል የሚል ሆነ። ሰውን ይሰቀል ብሎ ሕዝብን መጥራት አንቀጽ 24 የሚጠብቀውን የሰው ልጅ ክብር የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ያወርደዋል፤ ሞት እንጂ ሌላ የማይገባው ነው የተባለ ሰው ምን ክብር ቀረለት? ማንነቱንና ቤቱን ማውጣት ደግሞ አንቀጽ 27 የሚያስከብረውን የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት ነፃነት ይነካል። ለእያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ ካሳ ተወሰነ፤ ጋዜጣውም የእነዚህን ሰዎችም ሆነ የሌሎችን ማንነትና መኖሪያ ዳግም እንዳያወጣ በቋሚ እግድ ታገደ።

በአፍሪካችን ስም መጥራት ምን እንደሚያስከትል ከሬዲዮ ባልደረቦች በላይ ማን ያውቃል? በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ አንድ ጣቢያ የሰዎችን ስምና የተደበቁበትን ቦታ በአየር ላይ ሲጠራ ነበር። መሥራቾቹን የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ሁለቱ ታሪኮች በግዝፈታቸው አይወዳደሩም፣ አላወዳድራቸውምም። ስም፣ መልክና አድራሻ ከ«ይገደሉ» ጋር አንድ ላይ ሲቀርቡ ግን ያ ሐሳብን መግለጽ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ስም ማውጣቱን አስቆመ። የካቶ ደጅ ላይ ግን ጠባቂ አላቆመም። ፊቱ ከሕዝብ ዓይን አልጠፋም፤ ዛቻውም አልቀረም ነበር።

ጥር 18 ቀን 2003፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ፣ ካቶ ሙኮኖ በሚገኘው ቤቱ ውስጥ ጭንቅላቱን በመዶሻ ተመታ። ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ መንገድ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ፖሊስ የግል ጠብ ነው፣ ከሥራው ጋር አይያያዝም አለ። አንድ ሰው ተይዞ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጓደኞቹ በዚህ ማብራሪያ ልባቸው አልረካም። አዘጋጁ ሙሃሜ ደግሞ በጽሑፉ እንደማይጸጸት፣ ይሰቀሉ ሲልም በሕግ ተፈርዶባቸው ማለቱ እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናገረ። በቢጫው መደብ ላይ ግን ስለ ፍርድ ቤት የሚል ቃል አልነበረም።

ቀብሩ ጥር 20 በትውልድ መንደሩ ተፈጸመ። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ ቤተሰብ፣ የመንደሩ ሰው፣ ከካምፓላ የመጡ ጓደኞቹ፣ የውጭ አገር ዲፕሎማቶች። ጓደኞቹ ፎቶው የታተመበት ካናቴራ ለብሰዋል። ሥርዓቱን የሚመሩት የአንግሊካን ቄስ ስለ ሟቹ በመናገር ፈንታ ሰዶምና ገሞራን እየጠቀሱ ለቀስተኞቹን ንስሐ ግቡ ብለው ይገሥጹ ጀመር። የካቶ ጓደኞች ማይክሮፎኑን ነጠቁ፤ ግርግር ተነሣ። የመንደሩ ሰዎች ከቄሱ ጎን ቆመው አንቀብርም አሉ። እኛ ዘንድ ጠላትም ቢሆን ሲሞት ይቀበራል፤ ቀባሪ ማጣት የእርግማን መጨረሻ ነው። በዚያን ቀን የካቶን አስከሬን የተሸከሙት ጓደኞቹ ናቸው። ጸሎተ ፍትሐቱን ያደረሱት ደግሞ እንደ ካቶ ያሉ ሰዎችን በማገልገላቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው የተገፉት ጡረተኛ ጳጳስ ክሪስቶፈር ሴንዮንጆ ነበሩ።

የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾችን ስለመጠበቅ የተጻፈ ቃል አልጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 30 ቀን 1991 ዓ.ም. ለእነሱ ከለላ የሚሆን መግለጫ አጽድቋል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሉዋንዳ ላይ ተሰብስቦ ውሳኔ ቁጥር 275ን አወጣ። ሰዎች በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት፣ ባይሆኑም ናቸው ተብለው በመጠርጠር፣ የሚደርስባቸውን ጥቃት አወገዘ። ለእነሱ የሚሟገቱም ያለ በቀልና ያለ ስም ማጥፋት እንዲሠሩ መንግሥታት ሁኔታውን እንዲያመቻቹ ጠየቀ። ይህ ጉዳይ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ለሚሉ፣ ይህን የጻፉት የአፍሪካ ኮሚሽነሮች ናቸው።

ያው ዓመት ለኡጋንዳ ግን ከባድ ነበር። የካቲት 17 ቀን 2006 ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ቅጣት የሚያከብደውን ሕግ ፈረሙ። በማግሥቱ ሬድ ፔፐር የሁለት መቶ ሰዎች ስም አለኝ ብሎ ወጣ። ሕጉን ሐምሌ 25 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ጸድቋል በሚል ነው። የታተመን ስም ግን የሚሽር ችሎት የለም።

ካሻ ናባጌሴራ ዝም አላለችም። ባልደረቦቿን አስተባብራ ቦምባስቲክ የተባለ መጽሔት አሳተመች፤ ጋዜጦች ያጋለጧቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው ሕይወት የሚጽፉበት ነው። በነፃ ነበር የሚታደለው። በ2004 እና በ2008 ዓ.ም. ማርቲን ኤናልስና ራይት ላይቭሊሁድ የተባሉትን ታላላቅ ሽልማቶች ተቀበለች።

ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው አዲሱ የኡጋንዳ ሕግ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን «ማስተዋወቅ» የሚለውን ድርጊት እስከ 20 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2016 ጥቂት አንቀጾቹን ሰርዞ ዋናውን ክፍል አጽንቶታል። እንደ ቦምባስቲክ ያለ መጽሔት ማተምም ሆነ ለእነዚህ ሰዎች መብት በአደባባይ መናገር ዛሬ ካምፓላ ውስጥ ወህኒ ሊያወርድ የሚችል ሥራ ነው።