ሶቶን ሰጥቶ አምስት ልጅ መቀበል፦ የቤዝቦል ትሬድ እንዴት ነው የሚሠራው?

ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ካላችሁ፣ ጥምዝምዝ «ደብልዩ» ያለበትን ቀይ ኮፍያ በፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። የናሽናልስ ኮፍያ ነው፤ የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን። ናሽናልስ በ2019 ሻምፒዮን ሆኗል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት የውድድር ዘመናት፣ አንድም ጊዜ ከተሸነፈው በላይ አላሸነፈም። ደጋፊው ዛሬም የሚነታረክበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ኮከቡን ሁዋን ሶቶን አሳልፎ መስጠት ልክ ነበር ወይ?

ክርክሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሕጉን እንይ።

ትሬድ ከእግር ኳስ ዝውውር በምን ይለያል?

በእግር ኳስ ተጫዋች የፈለገ ክለብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹም ተደራድሮ ካልፈረመ ዝውውሩ የለም። በቤዝቦል ግን ዋናው መገበያያ ራሱ ተጫዋቹ ነው። አንዱ ቡድን ተጫዋች ይሰጣል፣ ሌላው ተጫዋች ይመልሳል። ኮንትራቱ እንዳለ አብሮት ይሄዳል።

ተጫዋቹስ ይጠየቃል? ብዙውን ጊዜ አይጠየቅም። ጠዋት በአንዱ ማሊያ የተለማመደ ሰው ማታ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ሊገኝ ይችላል። እምቢ ማለት የሚችለው ያንን መብት ኮንትራቱ ላይ ካስጻፈ፣ ወይም በሊጉ 10 ዓመት ቆይቶ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በዚያው ቡድን ካሳለፈ ነው። ከርት ፍለድ የተባለ ተጫዋች በ1969 ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ ሲላክ «አልሄድም» ብሎ ሊጉን ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1972 ተረታ።

የጊዜ ገደብም አለ። ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ የትሬድ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሚያሸንፉ ቡድኖች ይገዛሉ፣ የሚሸነፉት ይሸጣሉ።

ኮከብ ለምን ይሰጣል?

ምክንያቱ ስድስት ዓመት ነው። አንድ ተጫዋች ወደ ዋናው ሊግ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ከዝቅተኛው ደሞዝ ብዙም የማይበልጥ ይከፈለዋል። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ደሞዙ በድርድር፣ ካልተስማሙም በገላጋይ ዳኛ ይወሰናል። ስድስት ዓመት ሲሞላው ነፃ ይወጣና ለፈለገው ቡድን ይፈርማል።

ስለዚህ በትሬድ የሚለዋወጡት ችሎታን ብቻ አይደለም፤ ቀሪ ዓመታትንም ነው። ሁለት ዓመት የቀረው ኮከብ እና ስድስት ዓመት ሙሉ የሚቀረው ጀማሪ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡት ለዚህ ነው።

ቦታውም የተገደበ ነው። ለጨዋታ ዝግጁ የሚሆኑት 26 ተጫዋቾች ናቸው፤ በቡድኑ ዋና መዝገብ ላይ መስፈር የሚችሉት ደሞ 40 ብቻ። መዝገቡ ከሞላ አንድ ሰው ለመጨመር አንድ ሰው መውጣት አለበት። ደጋፊዎች «እገሌን አምጡ» ሲሉ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይውጣ?» ነው።

በ2022 ምን ተደረገ?

ሶቶ በ19 ዓመቱ ገብቶ በ2019 ሻምፒዮን የሆነ ልጅ ነው። ናሽናልስ የ15 ዓመት፣ 440 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አቀረበለት፤ አልተቀበለም። ነፃ የሚወጣው ከ2024 ውድድር በኋላ ነበር። ኦገስት 2 ቀን 2022፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ልውውጡ ይፋ ሆነ።

ወደ ሳንዲያጎ ፓድሬስ የሄዱት፦
• ሁዋን ሶቶ፣ ያኔ 23 ዓመቱ
• ጆሽ ቤል

ወደ ናሽናልስ የመጡት፦
• ሲጄ ኤብራምስ
• ማኬንዚ ጎር፣ ኳስ ወርዋሪ
• ጄምስ ውድ
• ሮበርት ሃሴል
• ጃርሊን ሱሳና፣ ኳስ ወርዋሪ
• ሉክ ቮይት፣ ከመጡት ውስጥ ልምድ ያለው እሱ ብቻ

ያ ዓመት 55 አሸንፎ 107 ተሸንፎ አለቀ።

«ልክ ነበር» የሚሉት

ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ውድ ደግሞ በ2025 ለኦል ስታር ጨዋታ ተመርጠዋል። ውድ እንደውም የተወለደው እዚያው ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሮክቪል ሜሪላንድ ነው። በሌላ በኩል ፓድሬስም ሶቶን አላቆየውም፤ በዲሴምበር 2023 ለኒውዮርክ ያንኪስ ሰጠው። ሶቶ ነፃ ሲወጣ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። 440ን እምቢ ያለ ሰው የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የዚህ ወገን ክርክር አጭር ነው፦ መሄዱ ካልቀረ በባዶ እጅ ከመቅረት አምስት ልጅ ይሻላል።

ምሳሌም አላቸው። ቺካጎ ካብስ በ2012 101 ጨዋታ ተሸንፎ በ2016 ዋንጫ አነሳ። ሂዩስተን ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ100 በላይ ተሸንፎ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ፤ ያ ዋንጫ ግን በኋላ በተጋለጠው የምልክት ስርቆት ጠልሽቷል።

«አልነበረም» የሚሉት

የእነሱ ማስረጃ የውጤት ሰንጠረዡ ነው፦
• 2023፦ 71 ድል፣ 91 ሽንፈት
• 2024፦ 71 ድል፣ 91 ሽንፈት
• 2025፦ 66 ድል፣ 96 ሽንፈት

ልጆቹ ጥሩ ናቸው፣ ቡድኑ ግን ጥሩ አይደለም። ደሞ የልጆቹም ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ የስድስት ዓመቱ ሕግ እነሱንም ይመለከታል። ወጣት ላይ መወራረድ እንዴት እንደሚያልቅ አይታወቅም የሚሉት የ2021ን እያነሱ ነው። ያኔ ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሰጡ ከመጡት አንዱ ወርዋሪው ጆሳያ ግሬይ ነበር። በ2023 ኦል ስታር ሆነ፣ በ2024 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ታዲያ ለምን አልሠራም?

ትሬዱ ብቻውን ቡድን ስለማይሠራ ነው። ሦስት ነገሮች አብረው ጎተቱት።

አንደኛ፣ ቀድሞ የታሰረ ገንዘብ። በቤዝቦል ኮንትራት ከተፈረመ ተጫዋቹ ቢጎዳም ይከፈላል። ስቲቨን ስትራስበርግ ከ2019ኙ ዋንጫ በኋላ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታ የጀመረው 8 ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ። መጨረሻ መውጣት የመጀመሪያውን ዕድል አያስገኝም፤ የላይኞቹ ስድስት ቦታዎች በዕጣ ናቸው። ገቢያቸው ትልቅ የሆነ ቡድኖች ደሞ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዕጣው መጠቀም አይችሉም። ናሽናልስ በ2023 ሁለተኛ መርጦ በ2024 ወደ 10ኛ የወረደው በዚህ ሕግ ነው።

ሦስተኛ፣ ማሳደግ። ልጅ ማምጣት አንድ ሥራ ነው፣ ማብቃት ሌላ። በጁላይ 2025 ናሽናልስ ትሬዶቹን የሠራውን ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞንና አሠልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። በዚያው ወር በአንደኛ ምርጫ የ17 ዓመቱን ኢላይ ዊሊትስን ወሰደ።

ኪሳራው የማን ነው?

እግር ኳስ ላይ በተከታታይ የሚሸነፍ ክለብ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ይደነግጣል። በቤዝቦል መውረድ የለም። 107 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሊግ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ታገሱ» ማለት ለባለቤቱ ቀላል ነው። ቲኬት እየገዛ የሚታገሰው ደጋፊው ነው።

ቀጣይ ትሬድ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦
• የሄደው ስንት ዓመት ቀርቶት ነበር?
• የመጡት ስንት ዓመት ይቆያሉ?
• ቡድኑ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለማሸነፍ ሌላ ምን አዘጋጅቷል?

የናሽናልስ ደጋፊ አሁን የሚጨቃጨቀው ሦስተኛው ላይ ነው። በጃንዋሪ 2026 በሶቶ ፋንታ የመጣው ማኬንዚ ጎር ራሱ ወደ ቴክሳስ ሬንጀርስ ተላከ። በምትኩ የመጡት እንደገና አምስት ወጣቶች ናቸው።