እጀታው ላይ ስም አለ፣ ስለቱ ላይ ግን የለም

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ስለ ሰንጢ። ያውም በነፃ ስለሚታደለው፣ የድርጅት ሎጎ ስለታተመበት ሰንጢ። ስልጠና ገብታችሁ ወይም ባዛር ጎብኝታችሁ ከእስክሪብቶውና ከአጀንዳው ጋር ደርሷችሁ ይሆናል።

እኔም አንድ አለኝ። የሰጠኝን ድርጅት ስም አልጠራም። ሎጎው እስካሁን ያብረቀርቃል፤ ስለቱ ግን ሁለተኛ ብርቱካን ሳይልጥ ደነዘ። ብሞርደውም አንድ ቀን ቆርጦ ወደ ድንዝነቱ ይመለሳል። ማጠፊያው ላልቶ ጣት ላይ ሊዘጋ ይቃጣዋል። “በነፃ አግኝተህ ደግሞ ታማርራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። የታሪክ መምህር ነኝና መልሴም ከታሪክ ነው።

ከእንግሊዟ ሼፊልድ እንጀምር። ከተማዋ በቢላ ሥራ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1624 ፓርላማው ባወጣው ሕግ የሼፊልድና የአካባቢዋ ቢላ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የሥራውን ጥራት ይቆጣጠር፣ የእያንዳንዱን ሠሪ ምልክትም ይመዘግብ ነበር። ያ ምልክት የሚመታው ብረቱ ላይ ነው። ለምን ብረቱ ላይ? የቢላ ሥራው ስለቱ ስለሆነ ነዋ! ቢላው ቶሎ ቢደንዝ ገዢው ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል። ምልክቱ ጌጥ አልነበረም፤ ቃል ኪዳን ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተፎካካሪ መጣ፤ የጀርመኗ ዞሊንገን። ዞሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በጎራዴ የታወቀች ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ግን ርካሽ ቢላ እየተሠራ የሼፊልድ ስም እየተመታበት ገበያ ይወጣ ነበር። የጀርመን ዕቃ ስሙ ጠፍቶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የተገኘው ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ፍራንዝ ሮይሎ የገዛ አገሩን ምርት “ርካሽና መጥፎ” ብሎ እስከ መናገር ደረሰ። አስቡት፣ ይህን ያለው የውጭ ሰው አይደለም።

እንግሊዞች ደግሞ በ1887 ሕግ አወጡ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የእንግሊዝ መስሎ እንዳይሸጥ የተሠራበት አገር ይጻፍበት አሉ። “በጀርመን የተሠራ” የሚለው ጽሑፍ ገናና የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ታሰቦ የነበረው ገዢውን ለማስጠንቀቅ ነው። ግን ምን ሆነ? ጀርመኖቹ ሥራቸውን አሻሻሉ፣ ያው ጽሑፍም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የጥራት ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ የዞሊንገን ስም ራሱ በሕግ እንዲጠበቅ ተደረገ። ሰው በሰው ስም ሲሠራ ይዘርፋል፤ በገዛ ስሙ ሲሠራ ይጠነቀቃል።

“እሱ የሚሸጥ ቢላ ነው፣ የነፃው ሌላ ነው” ትሉ ይሆናል። እሺ፣ አዶልፈስ ቡሽን እንይ። ከጀርመን ተሰዶ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ በቢራ ጠመቃ የከበረ ሰው ነው። ለደንበኞቹና ለወዳጆቹ በቢዝነስ ካርድ ምትክ ሰንጢ ያድል ነበር። ሰንጢው የጠርሙስ ቡሽ መንቀያ አለው፤ እጀታው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ሲያዩባት ደግሞ የሰውየው ፎቶ ይታያል። ቡሽ የሞተው በ1913 ነው፤ ሰንጢዎቹን ግን ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይፈልጓቸዋል። በነፃ መሰጠት ብቻውን ዕቃን አያበላሽም ማለት ነው።

ታዲያ የዛሬውን ምን አበላሸው? እንደኔ እንደኔ ገዢውና ተጠቃሚው ስለተለያዩ ነው። ድርጅቱ ሺህ ሰንጢ ሲያዝ የሚያየው የአንዱን ዋጋና የሎጎ ማተሚያውን ቦታ ነው። ብርቱካን የሚልጠው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አልከፈለምና አይመልስም። ጥሩ ስለት በቂ ካርቦን ያለው ብረት ይፈልጋል። በልኩ መጋል፣ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ መነከር፣ እንደገና በመጠኑ መሞቅ አለበት። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ፎቶ ላይ ደግሞ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ስለቱን ገልብጣችሁ እዩት፤ የሠሪ ስም የለም። ስሙን ያስቀመጠው ብረቱን የማያውቀው ሰው ነው፤ ብረቱን የሠራው ደግሞ ስሙን አላስቀመጠም።

ይህ ነገር ወደ ቤታችንም ይመጣል። ሼፊልድ ቀጥቃጯን ስሙን ስትመዘግብለት እኛ የኛን “ቡዳ” እያልን ስም አወጣንለት። አፄ ምኒልክ ሙያተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። ማረሻውንም ቢላውንም ከእሱ እጅ እየተቀበልን፣ ሥራው ላይ በኩራት ስሙን እንዲያሳርፍ ግን ዕድል አልሰጠነውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የትኛው ቀጥቃጭ ስም ነው በእጃችን የቀረው?

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ግዢ ክፍልና ማርኬቲንግ የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዓመቱን ስጦታ ስታዙ ሺውን ወደ ሁለት መቶ ቀንሱና ደህናውን እዘዙ። ናሙናውን ቢሯችሁ ውስጥ ቆርጣችሁበት እዩ። ከቻላችሁ ደግሞ የአገር ቤት ባለሙያ ጋ ሂዱና አሠሩ፤ የድርጅታችሁ ሎጎ እጀታው ላይ ይሁን፣ የእሱ ስም ግን ስለቱ ላይ ይመታ።