የቀርከሃ ጉንጉን አጥር፦ አሠራሩና ዕድሜው

ከተሞቻችን በቆርቆሮና በብሎኬት እየታጠሩ በሄዱ ቁጥር የተጎነጎነ የቀርከሃ አጥር የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ይህ አመለካከት ያሳስበኛል። የጉንጉኑን ጥበብ የያዙ ሰዎች ገበያ ሲያጡ ሙያውም አብሯቸው ይጠፋልና። በመሆኑም ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ወድጃለሁ።

አገራችን ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት። አንደኛው በሲዳማ፣ በጋሞ፣ በአዊና በሸካ ከፍተኛ ቦታዎች የሚበቅለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋ ቀርከሃ ነው። ሁለተኛው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በብዛት የሚገኘውና ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን ውስጡ ድፍን ነው። ለጉንጉን የሚመቸው የደጋው ነው፤ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ቀርከሃ ሙሉ ቁመቱን የሚይዘው በጥቂት ወራት ነው። ለሥራ የሚጠነክረው ግን 3 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ለጋው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ነቀዝም ያጠቃዋል። ስለዚህ ሲገዙ ዕድሜውን ይጠይቁ፤ በበጋ የተቆረጠውንም ይምረጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ በእነርሱም ላይ ሦስት ወይም አራት ማገሮች አግድም ይታሰራሉ። ቀጥሎ ቀርከሃው በቁመቱ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ስንጥቅ አንዱን ማገር ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ እያለፈ ይገባል፤ ተከታዩ ደግሞ በተቃራኒው። ጉንጉኑ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ምስማር ብዙም አይፈልግም።

የዚህ አጥር ትልቁ ጠላት እርጥበትና ምስጥ ነው። ያልታከመ ቀርከሃ አፈር ከነካ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ቢቆይ ነው። የዶርዜ ቤቶች ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው፤ ምስጥ ከሥር ሲበላቸው የተበላው ክፍል እየተቆረጠ ቤቱ እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ለአጥርም ጉንጉኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግና ከሥሩ ድንጋይ መደርደር ይበጃል። ቋሚው ቢበሰብስ እርሱ ብቻ ይለወጣል።

የሕግ ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ ወይም እንዳይጎዳ ያዛል። በወሰን ላይ አለመግባባት ሲነሳ የብሎኬት ግንብ ማፍረስ ከባድ ወጪ ስለሚያስከትል ማንም እሺ አይልም፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ይደርሳል። የጉንጉን አጥር ግን ተነቅሎ ሊተከል ይችላል፤ ለሽምግልናም ቦታ ይተዋል። ቢሆንም ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት የይዞታ ካርታዎን ይዘው ከጎረቤትዎ ጋር ወሰኑን አብረው ይለኩ።

ለብረት በር ሠሪ ያለ ክርክር የምንከፍል ሰዎች፣ ከቀርከሃ ሠሪው ጋር በሳንቲም መጨቃጨቃችን ተገቢ አይመስለኝም። ጥበቡ እንዲቀጥል ከፈለግን ዋጋውን እንክፈል።